የሳፍሮን ዘር የሚባል ነገር የለም፤ እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ ስልካችሁ ላይ «የሳፍሮን ዘር፣ 100 ፍሬ በ15 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ ከመጣባችሁ እለፉት። እኔ ገዝቼ ተበልቻለሁ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤቴ ጀርባ ትንሽ መሬት አለችኝ። ሳፍሮን የሚባለው የቀይ ክር ቅመም ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ የራሴን ላብቅል ብዬ አዘዝኩ። ፎቶው ላይ ያለው ሐምራዊ አበባ፣ ከመሃሉ ቀያይ ክሮች የወጡለት፣ ልብ ይሰርቃል።

ፖስታው ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ። ዘሩን መዳፌ ላይ አፈሰስኩት። ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል፤ አንድ ጫፉ ሾል ብሏል። እጄ ያውቀዋል። አንዱን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። ሱፍ! እናቴ በጾም ቀን ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ አጥልላ በእንጀራ የምትፈተፍትልን ነጩ ሱፍ። የዚሁ የነጩ ሱፍ አበባ ሲደርቅ ብርቱካንማ ቀይ ስለሚሆን በየቅመም ገበያው በሳፍሮን ስም ይሸጣል። አሁን ደግሞ ዘሩም ተጨመረ።

ለሻጩ ጻፍኩ። «ታገሺ፣ ይብቀልና ታያለሽ» አለኝ። እንዳትሰሟቸው። እናንተ ቡቃያ ስትጠብቁ አቤት የምትሉበት ቀን ያልፋል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ሳፍሮን ዘር አይሰጥም። ክሮከስ ከሚባሉት ትንንሽ አበቦች አንዱ ሲሆን፣ በተፈጥሮው መካን ነው። ክሮሞዞሙ (የዘር ውርስን የሚይዘው የሴሉ ክፍል) እንደ ብዙው ተክል ሁለት ሁለት ሳይሆን ሦስት ሦስት ስለሆነ ፍሬ መያዝ አይችልም። የሚባዛው መሬት ውስጥ ባለው፣ ትንሽ ሽንኩርት በሚመስለው ራሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓኬቱ ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን፣ ሳፍሮን አይደለም።

ያንን ሽንኩርት መሰል ራስ የምትገዙም ተጠንቀቁ። እዚህ አገር «የመኸር ክሮከስ» እየተባለ የሚሸጥ ኮልቺከም የሚባል አበባ አለ። መልኩ ይመሳሰላል፤ የሚያብበውም በዚያው ሰሞን ነው። ግን መርዝ ነው፣ ሰው ይገድላል! ሲያብብ የአበባ ዱቄት የሚይዙትን ዘንጎች ቁጠሩ። ክሮከስ ሦስት፣ ኮልቺከም ስድስት አለው። ከተጠራጠራችሁ ወደ ድስት እንዳይገባ፣ ልጆችም እንዳይነኩት።

ስትገዙ «ክሮከስ ሳቲቨስ» የሚል ስም ይኑረው። የራሱ ዙሪያ 8 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ፤ ትንንሾቹ በመጀመሪያው ዓመት ላያብቡ ይችላሉ። የሚተከለው ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ነው። በየካቲት የሚያብቡት ርካሽ ክሮከሶች ለዓይን ያምራሉ እንጂ ቅመም የላቸውም። አንድ አበባ ሦስት ቀይ ክር ብቻ ነው ያለው፤ ለ1 ግራም 150 ያህል አበባ ይለቀማል። «በአንድ ማሰሮ የዓመት ሳፍሮን» የሚላችሁም እያታለላችሁ ነው።

ገዝታችሁ ከሆነ ፖስታውንም ዘሩንም አትጣሉ። ፎቶ አንስታችሁ ዛሬውኑ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ አቤት በሉ። የእኔ ገንዘብ የተመለሰው እንደዚያ ነው።