ያገለገለ ቲዲአይ ለመግዛት፦ የ2009–2014 ጄታና ጎልፍ፣ የ2012–2014 ፓሳት ወይስ የ2015 ሞዴል?

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የናፍጣ ቮልስዋገን የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «በማጭበርበሩ ከተያዙት ነው?» ብሎ ነው። ባለ 2.0 ሊትር ቲዲአይ (የቮልስዋገን የናፍጣ ሞተር መጠሪያ) ሆኖ ሞዴሉ ከ2009 እስከ 2015 ከሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መልሱ አዎ ነው። አንዱም አልቀረም፤ ስለዚህ ጥያቄው ለመምረጥ አይረዳም። አንዱን ከሌላው የሚለየው ጭሱን በምን ዘዴ እንደሚያጣራ፣ ማስተካከያው እስከ መጨረሻው ተሠርቶለት እንደሆነና ከ2015 በኋላ ባሉት ዓመታት መኪናው የት እንደከረመ ነው።

ነገሩን ለማስታወስ ያህል፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በቮልስዋገን ላይ ያቀረበውን ክስ ይፋ ያደረገው ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 ነበር። የሞተሩ ኮምፒውተር የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱንና ሞተሩ የሠራበትን ጊዜ አይቶ መኪናው ምርመራ ላይ መሆኑን ሲያውቅ ማጣሪያውን በሙሉ አቅሙ ያሠራዋል፤ መንገድ ላይ ሲወጣ ያላላዋል። በዚህ የተነሳ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀቱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበረባቸው።

በ2016 ስምምነት ባለቤቶች ሁለት ምርጫ ቀረበላቸው፦ መኪናውን ከቅሌቱ በፊት በነበረው ዋጋ ለኩባንያው መልሶ መሸጥ፣ ወይም ይዞ ኩባንያው የሚሠራውን ማስተካከያ ማሠራት። በሁለቱም መንገድ ከ5,100 ዶላር አንስቶ እስከ 10,000 ዶላር አካባቢ ካሳ ነበረው። አብዛኛው መለሰ። «ንጹህ ናፍጣ» የሚለውን ማስታወቂያ አምኖ የገዛው ሰው በተለይ ተከድቻለሁ ባይ ነበር። በጋሎን ከ40 ማይል በላይ መሄዱን የወደደው ደግሞ አልለቅም አለ። የስምምነቱ ቃል መኪናው በራሱ ሞተር እየሄደ እንዲመለስ ብቻ ስለሚጠይቅ በርና መቀመጫ ነቅለው ሊመልሱ የሞከሩም አልጠፉም፤ ዳኛው ቻርልስ ብሬየር ግን አልወደዱላቸውም። ዛሬ ለሚገዛ ሰው ካሳ የሚባል ነገር የለም፤ የጥያቄ ማቅረቢያው በ2018 ተዘግቷል።

የ2009–2014 ጄታ፣ ጎልፍ፣ ቢትልና አውዲ ኤ3

በዋጋ የሚረክሱት እነዚህ ናቸው፤ ብዙ ጣጣ ያለባቸውም እነሱው ናቸው። አድብሉ (ጭሱን ለማጣራት የሚረጭ የዩሪያ ፈሳሽ) አይጠቀሙም። ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለ ማጥመጃ ይይዘዋል፤ ማጥመጃው ሲሞላ ሞተሩ ለጥቂት ሰከንዶች ተጨማሪ ናፍጣ እየረጨ ያጸዳዋል። ያ ተጨማሪ ናፍጣ ፍጆታን ይጨምራል፣ ጥቀርሻም ያበዛል። ሶፍትዌሩ መንገድ ላይ ሥራውን የሚያላላበትን ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም።

ማስተካከያው የጸደቀው በ2017 ሲሆን ሶፍትዌር ብቻ አይደለም፤ ማጥመጃው ራሱ በአዲስ ይቀየራል። ውድ ዕቃ ስለሆነ ይህ ለገዢ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ሞተሩ አሁን ሥራውን በትክክል ስለሚሠራ የጥቀርሻ ማጣሪያው ከድሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ የያዘውን ጥቀርሻ ያቃጥላል፤ የናፍጣ ፍጆታውም ትንሽ ከፍ ይላል። «ድሮ የነዳሁት ጄታ እንዲህ አልነበረም» የሚል ካለ ትክክል ነው፤ የድሮው ቁጥር የመጣው ከማጭበርበሩ ጋር ነው።

ከጭሱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ከፍተኛ ግፊት የሚሰጠው የቦሽ ሲፒ4 የናፍጣ ፓምፕ ነው። ፓምፑን የሚያለሰልሰው ናፍጣው ራሱ ስለሆነ አንድ ጊዜ ቤንዚን ከተሞላበት ወይም ናፍጣው ደረቅ (የማለስለስ አቅሙ ያነሰ) ከሆነ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ብናኙ ወደ ኢንጀክተሮቹም ወደ ታንከሩም ይሄዳል። ያኔ ፓምፑን ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም፤ ኢንጀክተሮቹ፣ ሬሉ (ናፍጣውን ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) እና ቱቦዎቹ አብረው ይቀየራሉ፣ ታንከሩም ይታጠባል። ሒሳቡ የመኪናውን ዋጋ ሊያህል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የናፍጣ ፊልትሮውን ክዳን ያስከፍቱ፤ ፊልትሮውን አውጥተው ከቤቱ ግርጌ ያለውን ናፍጣ በባትሪ መብራት ይዩት። የሚያብለጨልጭ ነገር ከታየ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፣ ትተውት ይሂዱ።

ክረምቱ በሚበረታባቸው ግዛቶች ሌላም አለ። የቱርቦው አየር ማቀዝቀዣ ከፊት ስለሆነ ውስጡ እርጥበት ተጠራቅሞ በረዶ ይሠራል፤ ጠዋት ሞተሩ አልነሳ ይላል፣ ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው።

የ2012–2014 ፓሳት

ይኼኛው ሞተሩ ከነዚያ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ጭሱን የሚያጣራው ግን በአድብሉ ነው፣ ማለትም 32.5 በመቶ ዩሪያ ባለው ውሃ። ማጭበርበሩም ዓይነቱ ሌላ ነበር፦ ታንኩ እስከሚቀጥለው ሰርቪስ እንዲበቃ መንገድ ላይ የሚረጨውን መጠን ይቀንስ ነበር። ከተስተካከለ በኋላ አድብሉ ከድሮው ቶሎ ያልቃል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

ብልሽት የሚሆነው የታንኩ ማሞቂያ ሲቃጠል ነው። አድብሉ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ስለሚረጋ ማሞቂያ የግድ ነው፤ ይህ ማሞቂያ ደግሞ በዚህ ፓሳት ላይ በመበላሸት የታወቀ ነው። ስህተቱ ካልተስተካከለ ዳሽቦርዱ የቀረውን ማይል ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል፤ ዜሮ ሲደርስ ሞተሩ ከጠፋ አይነሳም። የአድብሉ መሙያው ሻንጣው ውስጥ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያና ምንጣፉ ሥር ነጭ ደረቅ ቅሪት ካለ ፈስሷል ማለት ነው። የሲፒ4 ፓምፑ ስጋት እዚህም አለ፣ ፊልትሮውን ሳያዩ አይለፉ። ረጅም አውራ ጎዳና ለሚነዳና ሰፊ መኪና ለሚፈልግ ከጄታው ይልቅ ይህ ይሻለዋል።

የ2015 ሞዴሎች

በእኛ ግምት ዋጋው ከፍ ቢልም ከሦስቱ መመረጥ ያለበት ይህ ነው። ጎልፍም፣ ጄታም፣ ቢትልም፣ ፓሳትም፣ ኤ3ም በዚህ ዓመት ኢኤ288 የሚባለውን አዲስ ሞተር ይዘው ሁሉም በአድብሉ ሆነዋል። የጥቀርሻ ማጣሪያው ሞተሩ ጥግ ስለተቀመጠ ቶሎ ይሞቃል። የቱርቦው አየር በውሃ ስለሚቀዘቅዝ የበረዶው ጣጣ የለም። ፓምፑ ግን የዚያው የሲፒ4 ዘር ነው። የራሱ የሆነ ድክመትም አለው፦ ውሃ ፓምፑ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ሽፋን ተጣብቆ ሲቀር ሞተሩ ይግላል።

እዚህ ላይ ገዢን የሚሸውደው የማስተካከያው አሠራር ነው። በሁለት ዙር የተከፈለ ነው፤ በ2017 መጀመሪያ ሶፍትዌሩ፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ካታሊስትን ጨምሮ የጭስ ማጣሪያ ዕቃዎቹ። ሻጩ «ማስተካከያ ተሠርቶለታል» ሲልዎት የመጀመሪያውን ብቻ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው ወደ ማንኛውም የኩባንያው ወኪል ደውለው ሁለቱም ዙር መዘጋቱን ይጠይቁ።

በዚያው ስልክ መኪናው መጀመሪያ የተሸጠበትን ቀንም ይጠይቁ። የተራዘመው የጭስ ዋስትና ከመጀመሪያው ሽያጭ 10 ዓመት ወይም 120,000 ማይል፣ አለዚያም ከማስተካከያው 4 ዓመት ወይም 48,000 ማይል ሆኖ ከሁለቱ የሚዘገየው ነው። ለአብዛኞቹ አልቋል። ሆኖም ሽያጭ ታግዶባቸው ሳይሸጡ ቆይተው በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጡ የ2015 መኪኖች ስላሉ፣ በሞዴሉ ዓመት ብቻ አልቋል ብለው አይደምድሙ።

የተመለሰ ወይስ ከባለቤቱ ያልወጣ?

ኩባንያው መልሶ የገዛቸውን መኪኖች ሚሺጋን ውስጥ እንደ ሲልቨርዶም ስታዲየም፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንደ ቪክተርቪል አየር ማረፊያ ባሉ ሜዳዎች አቁሟቸው ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ ተሠርተው እንደገና ተሸጡ። ማይላቸው ዝቅተኛ፣ ታሪካቸው ንጹህ ይመስላል፤ ሆኖም ቁም ነገሩ የቆሙበት ጊዜ ነው። ባትሪውና ጎማው ከተመረተ ስንት ዓመት እንደሆነው ይዩ (ጎማው ጎን ላይ ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አለ፣ ሳምንትና ዓመት ነው)፣ የፍሬን ዲስኩንም ዝገት ይመልከቱ። ከአንድ ባለቤት ያልወጣ፣ የሰርቪስ ወረቀቱ የተሟላ መኪና ማይሉ ቢበዛም ይሻላል። ወረቀቱ ላይ 507.00 (የቮልስዋገን የዘይት ደረጃ) የሚል ዘይት፣ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ በየ40,000 ማይሉ የካምቢዮ ዘይት መቀየሩ መታየት አለበት። የታይሚንግ ቺንጋው ከ120,000 እስከ 130,000 ማይል ባለው ጊዜ ከውሃ ፓምፑ ጋር መቀየር ይኖርበታል።

ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 የሆኑት ቱዋሬግ፣ ኪው7 እና መሰሎቻቸው የራሳቸው ስምምነት ነበራቸው፤ የጥገና ዋጋቸውም በሌላ ሚዛን ነው። በጀት ቆጥሮ ለሚገዛ አንመክራቸውም።

የዕለት ጉዞው ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ ሰው ሦስቱንም ይተዋቸው። ማጣሪያው ጥቀርሻውን ማቃጠል ጀምሮ ሞተሩ ከጠፋ፣ ለማቃጠያ የተረጨው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። የዘይት መለኪያው ከላይኛው ምልክት አልፎ የናፍጣ ሽታ ካለው ባለቤቱ እንደዚያ ሲነዳው ነበር ማለት ነው።

ለማየት ሲሄዱ ሞተሩ ሳይነሳ ይድረሱ። ነጭ ሶፍት በጣትዎ ጠቅልለው የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከውስጥ ይጥረጉ። ቀለል ያለ ግራጫ ከሆነ ማጣሪያው ደህና ነው፤ ጥቁር ጥቀርሻ ከያዘ ወይ ተሰንጥቋል ወይ ተቦርቡሮ ወጥቷል። ማጣሪያው የተቦረቦረ መኪና በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የጭስ ምርመራ አያልፍም። ቀጥሎ ስካነር ይሰኩ፤ የስህተት ኮድ ባይኖርም የመኪናው የራስ ፍተሻዎች «አልተጠናቀቀም» የሚሉ ከሆነ አንድ ሰው በቅርቡ ኮዱን አጥፍቶታል፤ ሁሉም እስኪጠናቀቁ ድረስ ሻጩ ነድቶት እንዲመጣ ይጠይቁ እንጂ ቀብድ አይስጡ።