ኮሮላዬ ከ14 ወር በኋላ፦ መብራቱ፣ ስቲከሩና መልዕክቱ አልስማማ ያሉባት መኪና

መኪናዋ የ2015 (በፈረንጅ) ቶዮታ ኮሮላ ናት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች፣ ሞተሯ 1.8 ሊትር፣ ካምቢዮዋ ሲቪቲ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ)። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከአንድ ግለሰብ ስገዛት 71,300 ታነብ ነበር፤ ዛሬ 83,400 ላይ ናት። ኪሎ ሜትር እንዳይመስላችሁ፣ ማይል ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ግማሹ ጣጣ የመጣው ከእሷ ነው።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት በቱሉ ዲምቱ ወጥቼ፣ ቃሊቲ ላይ ተሰልፌ፣ በሳሪስ አድርጌ ጎተራ እገባለሁ። ማታ ያንኑ መንገድ እመለስበታለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ብሎካችን ያለው ግን ክረምት ጭቃ፣ በጋ ዱቄት ነው።

ስለ መኪናዋ ክፉ አይወጣኝም። ሞተሯ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ሆዷ ዝቅ ያለ ስለሆነ ኮብልስቶኑ ላይ ሦስት ጊዜ ተፍቃለች፤ የፊት ፍሬን ሸራ አንዴ ቀይሬያለሁ። የቀረው ወጪዬ በሙሉ ሰርቪስ ነው፤ ከዚያም ውስጥ አንዱን በከንቱ ነው የከፈልኩት።

ከገዛኋት ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ጠዋት ቁልፉን ስከፍት ዳሽቦርዱ ላይ «ሜይንቴናንስ ሪኳየርድ» የሚል ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ሻጩ «ዘይት በቅርቡ ነው የቀየርኩላት» ብሎኝ ስለነበር ዋሸኝ ብዬ ረገምኩት። በቀጥታ ደህና ስም ወዳለው አንድ ሰርቪስ ማዕከል ወሰድኳት። የተቀበለኝ ልጅ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «እህቴ፣ መብራቱ እኮ ጠርቶሻል፤ ሙሉ ሰርቪስ ነው» አለኝ። ተደረገላት። ሲወርድ ቆሜ ያየሁት ዘይት ማር ይመስል ነበር። ማር የመሰለ ዘይት ለምን ይደፋል ብዬ ለመጠየቅ ያኔ ድፍረቱም እውቀቱም አልነበረኝም።

መብራቱ ለካ ዘይቱን አያይም። ቆጣሪ ነው፣ በቃ። የእኔ ሞዴል ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ዜሮ ከተደረገበት ጀምሮ 4,500 ማይል ሲሞላ ብልጭ ይላል፤ 5,000 ሲሞላ በርቶ ይቀራል። ዘይቱ ትናንት ተቀይሮ እንደሆነ አያውቅም፤ አቧራ ውስጥ ዋለች ወይስ ቀጥ ባለ መንገድ ሮጠች፣ እሱንም አያውቅም። ሻጩ ዘይቱን ቀይሮ ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ ረስቶ ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ዜሮ ማድረጊያው ደግሞ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ማሳያውን ትሪፕ ኤ (የጉዞ መቁጠሪያው) ላይ ታደርጉና መኪናዋን ታጠፋላችሁ። የትሪፑን ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ትከፍታላችሁ፤ መብራቱ እስኪጠፋ አትልቀቁ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ቀን ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

ማዕከሉ በሩ ጠርዝ ላይ ስቲከር ለጠፈልኝ፦ «05/02 — 76,900»። እኔ 05/02ን ጥቅምት 5 ብዬ አነበብኩ። መኪናዋን የገዛሁበት ቀን ስለሆነ ዓመት ጠብቀው መደቡልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጥር መጨረሻ ላይ «የተከበሩ ደንበኛችን፣ የሰርቪስ ጊዜዎ ደርሷል» የሚል መልዕክት ሲመጣ ተሳስተው ነው ብዬ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ በትህትና «እመቤቴ፣ የእኛ ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚያወጣው» አለችኝ። ፌብሩዋሪ 5 ማለታቸው ነበር፤ በእኛ ጥር 28። በአንድ ስቲከር ላይ በሁለቱ አነባበብ መካከል ስምንት ወር አለ።

እሱስ ይሁን፣ ቁጥሩስ? «በየ5,000 ኪሎ ሜትር» ነው የሚሉት። ኮምፒውተሩ ግን የመኪናዋ ንባብ ላይ 5,000 ደምሮ 76,900 ብሎ አወጣ፤ ንባቡ ደግሞ ማይል ነው። 5,000 ማይል 8,047 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቀኑ በሦስት ወር ነይ ሲለኝ ቁጥሩ በስድስት ወር ይለኛል፤ ሁለቱም አንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ልጅቷን «ስንት እንደነዳሁ በምን አወቃችሁ?» ብላት «ሲስተሙ በየሦስት ወሩ ይልካል» ብላ ዘጋችው። ከሰርቪሱ እስከዚያ ቀን የነዳሁት 2,650 ማይል ገደማ ነበር፤ ወደ 4,260 ኪሎ ሜትር። በራሳቸው ደንብ እንኳ ገና ነኝ።

አባዬን ባማክረው «በየ3,000 ነው፣ ክርክር የለውም» አለኝ። የላዳ ሰው ነው፤ ያደገበት ዘይትም ሞተርም ሌላ ነው።

በመጨረሻ የመኪናዋ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ ተኝቶ የነበረውን መመሪያ መጽሐፍ አወጣሁ። 0ደብሊው-20 የሚባለው ቀጭን ሲንተቲክ ዘይት ከሆነ 10,000 ማይል ወይም 12 ወር፣ ቀድሞ የሞላው። አቧራማ ወይም የአፈር መንገድ ላይ የምትውል ከሆነ ግን 5,000 ማይል ወይም 6 ወር። ጎማ ማዘዋወር በየ5,000 ማይሉ ስለሆነ መብራቱ በየ5,000 የሚበራውም ለዚያ ነው፤ ዘይት ቀይሩ ማለቱ የግድ አይደለም። ኮዬ ፈጬ አቧራማ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ ቅዳሜ መጥቶ ልብስ ያስጣ።

ከሁሉ የቆጨኝ የአየር ፊልትሮው ነው። ማዕከሉ አልነካውም፤ የሰርቪስ ሰንጠረዡ መቀየሪያውን 30,000 ማይል ላይ ያደርገዋላ። መጋቢት ላይ መኪናዋ ቃሊቲ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲያጥራት አቃቂ ያለ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለቤቱ ጋሼ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የት ነው የምታድሪው?» ነበር። ስነግራቸው ሳቁ፤ ፊልትሮውን አወጡና መሬት ላይ ሁለቴ ጠበጠቡት። የወረደው አቧራ ጫማቸውን ሸፈነው። የተሳፋሪውን አየር ማጣሪያ ከኪሱ ኋላ ሲስቡት ደግሞ ቅጠል ተከትሎት ወጣ። ሁለቱም ተቀየሩ፣ ዳገቱም ቀለለ። አሁን በየዘይቱ አስወጥቼ አያለሁ።

ከጋሼም ጋር ግን ሁሉን አልተስማማንም። ዜሮ-20ውን «ውሃ ነው ልጄ» ብለው 20-50 ሊያደርጉ ነበር፤ የካምቢዮውንም ዘይት በተለመደው የአውቶማቲክ ዘይት ሊቀይሩ። ሲቪቲው የራሱ ዘይት አለው፣ ቶዮታ ኤፍኢ የሚሉት፤ ሌላ እንዳይገባ ብዬ ለመንኳቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይቺን የሚተካ መኪና በኪሴ አይገኝም፤ ካምቢዮ ላይ መሞከር አልፈልግም። ሞተሩ ከነፊልትሮው 4.2 ሊትር ስለሚጠጣ ባለ 4 ሊትሩ ጣሳ እንደማይበቃም እወቁ። አንድ ሊትር ጨምሬ እገዛለሁ፤ የተረፈው ኮፈን ውስጥ ሳይሆን ቤት ይቀመጣል።

ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ 2017 በ76,800፣ ጥቅምት 2018 ደግሞ በ81,750 ቀይሬያለሁ፤ ሁለቴም በ0ደብሊው-20። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ መለኪያውን አወጣለሁ፤ እስካሁን አልጎደለም። የማዕከሉ መልዕክት አሁንም በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ የባለፈው «ጊዜዎ አልፏል» ይላል።

የእነሱን ስቲከር ልጬ በራሴ እጅ ጽፌ ለጥፌያለሁ፦ «86,750 ማይል ወይም ሚያዝያ 2018 በእኛ»። ባለፈው ሳምንት ላቫጆ ያለው ልጅ «በእኛ» የሚለውን አጥቦ ወሰደው። ደግሜ ጻፍኩት።