የራስዎ ሰርቨር የት ይኑር? ራስፕቤሪ ፓይ፣ ሚኒ ፒሲ፣ ናስ ወይስ ቪፒኤስ

ፎቶውንና ሰነዱን ከኩባንያዎች ክላውድ አውጥቶ በራሱ ሰርቨር ሊያኖር የቆረጠ ሰው ዕቃ ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ያስቀድማል። እኔ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዕቃው በተበላሸ ቀን መረጃውን ማን ያወጣዋል? በምንስ? አራቱን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ሚዛን ነው።

በቅድሚያ ስለ ሶፍትዌሩ ጥቂት ልበል። በአማርኛ «በነፃ» እና «ነፃ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ እዚህ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በነፃ የሚሰጥን አገልግሎት ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋዋል፤ ጎግል ሪደር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2013 የተዘጋው ተጠቃሚው እየተቃወመ ነው። ነፃ ሶፍትዌር ማለት ግን ማንም ሰው ኮዱን የማየት፣ የመቀየርና የማሰራጨት መብት ያለው ነው፤ አንዱ ቢተወው ሌላው ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምቢ የተባለው የቪዲዮ ሰርቨር ኮዱን ሲዘጋ፣ ቀድሞ ክፍት ከነበረው ኮድ ጄሊፊን ተወለደ። የፋይል ማከማቻው ኔክስትክላውድም በ2016 ከቀዳሚው ከኦውንክላውድ የወጣው በዚሁ መብት ነው። ሶፍትዌሩ ነፃ ከሆነ ዛሬ የገዙት ዕቃ ባይስማማዎት ነገ ወደ ሌላ ማዛወር ይችላሉ።

ፓይ እና ሚኒ ፒሲ

ፓይ (ራስፕቤሪ ፓይ፣ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር) ትንሽ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ መመሪያውም በየቦታው ሞልቷል። ድካሙ ማስነሻው ላይ ነው። ብዙ ሰው ስርዓቱን የሚጭነው ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፤ ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ዳታቤዝ ቀን ከሌት ሲጽፍበት ብዙ አይቆይም። የእኔ አንድ ማለዳ አልነሳም አለ። የስድስት ወር ቀጠሮና ማስታወሻ ከነካርዱ ሄደ፤ መጠባበቂያ ብዬ ያስቀመጥኩት ቅጂም እዚያው ካርድ ላይ ነበር። ፓይ ከመረጡ ስርዓቱን ኤስኤስዲ (ከሚሞሪ ካርድ የሚጠነክር ፈጣን ዲስክ) ላይ ይጫኑ። ነገር ግን ኤስኤስዲውን፣ የኃይል መስጫውንና ሳጥኑን ሲደምሩ ወጪው ያገለገለ ሚኒ ፒሲ (ትንሽ የጠረጴዛ ኮምፒውተር) ወደሚገዛ ገንዘብ ይጠጋል።

ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ሚኒ ፒሲውን ነው። ኢንቴል ኤን100 የተባለው ፕሮሰሰር ያለው አራት ኮር አለው፤ የፕሮሰሰሩ የኃይል ልክም 6 ዋት ነው። ቪዲዮ በጄሊፊን ለማየት ላሰበ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ኤን100 ቪዲዮን ወደ ሌላ ቅርጸት በሃርድዌር ይቀይራል፣ ፓይ 5 ግን ቪዲዮ የሚኮድበት ሃርድዌር ስለሌለው ሥራው ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በእኔ ሚዛን ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፦ ሰሌዳው ቢቃጠል ኤስኤስዲውን ነቅለው ሌላ ተራ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩታል፤ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርዓት ብዙ ጊዜ ያለ ክርክር ይነሳል። ሲገዙ ራሙ ሰሌዳው ላይ የተበየደ (በኋላ የማይቀየር) መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ኢሚች የተባለውን ሶፍትዌር ለፎቶ የሚጭኑ ከሆነ ከ8 ጊጋባይት በታች አይውሰዱ፤ ፊት የሚለይበት ክፍል ራም ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ግን ለጊዜው ምንም አይግዙ። ስክሪንና ኪቦርድ አለው፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ያቆየዋል። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ ማስተካከል ብቻ ነው። ባትሪው ካበጠ ግን ላፕቶፑን አይጠቀሙበት፤ እሳት ያመጣል።

ናስ እና ቪፒኤስ

ናስ የሚባለው ዲስክ የሚገጠምለት የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን ነው። ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ነው፤ ሁሉም ነገር በብራውዘር ይስተካከላል። ስርዓቱ ግን ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ነው፣ ሕጉንም የሚያወጣው እሱ ነው። ሲኖሎጂ በ2025 ባወጣቸው አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ያልፈቀዳቸውን ዲስኮች ገድቦ ነበር፤ በዚያው ዓመት መልሶ አላላው። ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት መረጃ እየያዘ እንደ መስታወት ስለሚሠራ ብቻ መጠባበቂያ አለኝ ብለው አይዘናጉ። ከአንዱ ያጠፉት ፋይል ያኔውኑ ከሌላውም ይጠፋል።

ቪፒኤስ የኪራይ ሰርቨር ነው። መብራትና ኢንተርኔት የአከራዩ ጣጣ ናቸው፣ ቋሚ አይፒ አድራሻም (ማሽኑ በኢንተርኔት ላይ የሚገኝበት ቁጥር) ያገኛሉ። ሰው ሁሉ ለሚያየው ድረ ገጽ የምመርጠው እሱን ነው። ለቤተሰብ ፎቶ ግን አልመርጠውም፤ ዲስኩ የሌላ ሰው ነው፣ ቦታ በጨመሩ ቁጥር ኪራዩ ያድጋል፣ ክፍያው ከተቋረጠም ውሂቡ ይጠፋል።

ቤት የሚያኖሩ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ራውተርዎ ላይ የሚታየው የውጭ አይፒ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከጀመረ፣ አቅራቢዎ አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው ማለት ነው፤ ከውጭ በቀጥታ ወደ ቤትዎ መግባት አይቻልም። ያን ጊዜ ትንሽ ቪፒኤስ ተከራይተው እንደ በር ይጠቀሙበታል፤ ከቤት ሰርቨሩ ጋር የሚያገናኛቸው ዋየርጋርድ የተባለው የተመሰጠረ መስመር (ቪፒኤን) ነው። እሱም ከ2020 ጀምሮ በሊኑክስ ዋና ክፍል (ከርነል) ውስጥ ስላለ ለማዋቀር አያስቸግርም። ፎቶው ቤት ይቀራል፣ በሩ ብቻ ውጭ ይሆናል። አድራሻ የማያጋራ አቅራቢ ያለው ሰው ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ምን ይጫን?

ፋይሎችን በስልክና በኮምፒውተር መካከል ማመሳሰል ብቻ ከፈለጉ ሲንክቲንግ የተባለው ሶፍትዌር ይበቃል። ፋይሎቹን የሚያከማች ማዕከላዊ ሰርቨር የለውም፤ መሣሪያዎቹ እርስ በእርስ ይነጋገራሉ። ኔክስትክላውድ ቀን መቁጠሪያ፣ የስልክ አድራሻና ለሌላ ሰው ፋይል ማጋሪያም ይሰጣል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ በየወሩ የሚያዘምነው ሰው ከሌለ ለአጥቂ የተከፈተ በር ይሆናል። ኢሜይልን ግን በቤት ሰርቨር አይጀምሩ። ብዙ አቅራቢዎች ኢሜይል የሚላክበትን በር (ፖርት 25ን) ይዘጋሉ፣ ቢከፈትም ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከቤት አይፒ የመጣ መልእክትን ወደ ስፓም ይጥሉታል።

ከየትኛውም ዕቃ ጋር ሁለተኛ ዲስክ አብረው ይግዙ፤ ቅጂው ከሰርቨሩ ተለይቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ አንድ ፎልደር ሆን ብለው አጥፍተው ከቅጂው ይመልሱ። ፎቶዎችዎን ከኩባንያው ክላውድ የሚያጠፉት ይህ ከተሳካ በኋላ ነው።