የበረሮው ዱቄትና ድመቴ

ማታ መብራት ሳበራ ከስቶቩ ሥር የሚበተነው በረሮ አማርሮኝ ነበር። የሚነፋውን መድኃኒት ፈራሁት፤ ድመቴ ዳማ ያገኘችውን ሁሉ ትልሳለች። እዚሁ ጅማ ካንድ ሱቅ ቦሪክ አሲድ ገዛሁ። ሽታ የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። ባለሱቁ «ለእንስሳ ምንም አይል» አለኝ። እሱን እንኳ አትስሙት! መርዝነቱ ከብዙዎቹ ቢቀልም፣ ድመት በደንብ ከላሰችው ያስታውካታል፤ ከበዛም ይጎዳታል።

መጀመሪያ ክምር አድርጌ አፈሰስኩት። በረሮዎቹ ዞረውት አለፉ። ለካ ዱቄቱ እግራቸው ላይ ተጣብቆ፣ ራሳቸውን ሲያጸዱ ሲውጡት ነው የሚገድላቸው። አሁን በአሮጌ ብሩሽ ስስ አድርጌ፣ የዳማ እግር በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ብቻ እነሰንሳለሁ። እስክጨርስ እሷ ውጭ ናት። ከስኳር ጋር ለውሶ ማስቀመጥም አለ፤ ከዳማ ጋር ግን አልደፈርኩም።

ቶሎ ይገድላል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ቤት ሁለት ሳምንት ግድም ፈጅቷል። ደግሞ እርጥበት አይወድም፤ በጅማ ክረምት ከቧንቧው ሥር ያለው እንደ ሊጥ ረግቶ ጠርጌ ጣልኩት። ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ማሸጊያው ላይ ስለ እንስሳት አንዲት መስመር ስለሌለ ነው።