ባንክ እና የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር

በአገራችን ባንክም ሆነ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ቁጠባ ሰብስበው ያበድራሉ፤ መሠረታዊው ልዩነታቸው ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የግል ባንክ ለትርፍ የቆመ አክሲዮን ማኅበር በመሆኑ፣ ደንበኛው ገንዘቡን ስላስቀመጠ ብቻ በአስተዳደሩ ላይ ድምፅ አይኖረውም፤ የሚወስኑት ባለአክሲዮኖች ናቸው፣ ድምፃቸውም በያዙት አክሲዮን ብዛት ይለካል። በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግን ቆጣቢው ራሱ ባለቤት ነው፤ አንድ ዕጣ (የባለቤትነት ድርሻ) የገዛውም ሃምሳ የገዛውም እኩል አንድ ድምፅ አላቸው። ዕድር ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ሥርዓት አይደለም።

ለብድር ባንክ በአብዛኛው ቤት ወይም ተሽከርካሪ በመያዣነት ሲጠይቅ፣ ማኅበሩ የአባሉን ቁጠባና የሌሎች አባላትን ዋስትና ስለሚቀበል፣ ንብረት ለሌለው ደመወዝተኛ የሚቀርበው እሱ ነው፤ የብድሩ ጣሪያ ግን አስቀድሞ በተቆጠበው ገንዘብ ልክ ይወሰናል።

በደኅንነት በኩል፣ በእኔ ግምት፣ ሚዛኑ ወደ ባንክ ያደላል። ባንኮች በኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ከመሆናቸውም በላይ፣ ለተቀማጭ ገንዘብ የተቋቋመው የመድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ ሽፋን ይሰጣል፤ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ግን የሚመዘገቡትም ኦዲት የሚደረጉትም በኅብረት ሥራ አካላት ሲሆን፣ ከዚህ ፈንድ ውጭ ናቸው።