ትልቁ ኦፕቲመስ ፕራይም፦ የቱን እንግዛ?

ቱሉ ዲምቱ የሚያድግ ልጅ መኪና ያውቃል። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚነሳው ከዚሁ ከሰፈራችን ነው። ተሳቢው፣ ቦቴው፣ ሲኖትራኩ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። እንደ ኦፕቲመስ ፕራይም ከጭነት መኪና ወደ ሮቦት የሚቀየር የፊልም ጀግና እዚህ ቢወደድ ያለ ምክንያት አይደለም። የሚወዱት ደግሞ ልጆቹ ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የመጀመሪያውን የትራንስፎርመርስ ፊልም ዲቪዲ ተከራይተን ያየን ሰዎች ዛሬ የራሳችን ደሞዝ አለን። የዚያን ሮቦት ትልቅ አሻንጉሊት ቤታችን ማቆም እንፈልጋለን።

የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ትልቁ የቱ ነው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ማን ነው የሚይዘው?» ብዬ እጠይቃለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ የሚጎትተው፣ አዋቂ ማታ ከሥራ ገብቶ እያጠፈ የሚዘረጋው፣ ቡፌ ውስጥ ቆሞ የሚታየው ሦስቱም የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ቁመታቸው ሊቀራረብ ይችላል። ዋጋቸውና የሚኖሩት ዕድሜ ግን በጭራሽ አይገናኝም። ይህን ሳይለይ ቁመት ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው ያውላል።

በመጀመሪያው ፊልም ኦፕቲመስ ፕራይም 28 ጫማ ይረዝማል፤ ወደ ስምንት ሜትር ተኩል ነው። ሦስት የኮንዶሚኒየም ወለል ያህል ማለት ነው። በኮምፒውተር የሠሩት ባለሙያዎች ከ10,108 ቁርጥራጮች ነው የገጣጠሙት። በስክሪን ላይ ያ ሁሉ ብረት እርስ በርሱ ውስጥ እየተሸሸገ መኪና ይሆናል። እጅ ላይ በሚያዝ ፕላስቲክ ያንን ሁሉ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ አምራቹ አንዱን ይመርጣል። ወይ የሚቀየር አድርጎ ከመልኩ ትንሽ ይቀንሳል፣ ወይ መልኩን አሳምሮ መቀየሩን ይተዋል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ሁሉ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ለልጅ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች የሃዝብሮ ታይታን ቼንጀር ይበቃል። ቁመቱ 11 ኢንች ነው፤ 28 ሴንቲሜትር ገደማ። የተሠራው ከ6 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። ጥቂት ጊዜ አጠፍ ዘርጋ ሲደረግ መኪና ስለሚሆን ልጁ አባቱን ሳይጠራ ራሱ ይቀይረዋል። ከኋላ ሲያዩት ውስጡ ክፍት ነው። ክርኑና ጉልበቱም እንደልብ አይታጠፍም። ይህን አይተው «ቀሽም ነው» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ለልጅ ግን ይሄው ነው ጥቅሙ። ቀላል ነው፣ ከደረጃ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም፣ ዋጋውም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። ልደት ላይ የጎረቤት ልጆች ሲቀባበሉት ወላጅ ተረጋግቶ ቡናውን ይጠጣል።

አዋቂ ለራሱ ሲገዛ ግን ወሬው ይረዝማል።

መጀመሪያ የሚታየው የማስተርፒስ ሙቪ ተከታታይ ነው። ሃዝብሮ ከጃፓኑ ታካራ ቶሚ ጋር የሚያወጣው ነው። ከነዚህ ሁለት ኦፕቲመሶች ሁልጊዜ ይነጻጸራሉ። ኤምፒኤም-4 እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሲሆን የ2007ቱን ፊልም ነው የሚከተለው። ኤምፒኤም-12 ደግሞ የ2018ቱን ሌላ የትራንስፎርመርስ ፊልም፣ ባምብልቢን። ሁለቱም ከ30 ሴንቲሜትር በታች ናቸው፤ ሁለቱም በትክክል መኪና ይሆናሉ።

ልዩነቱ ከመኪናው ይጀምራል። በ2007ቱ ፊልም ኦፕቲመስ ፒተርቢልት 379 ነው፤ አፍንጫው የረዘመ፣ ቀይ የእሳት ነበልባል በሰማያዊ ላይ የተሳለበት የአሜሪካ መኪና። የ2018ቱ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ሾፌሩ ከሞተሩ በላይ የሚቀመጥበት፣ እንደ ድሮው ኤንትሬ ያለ። አያቱ ኤንትሬ ይነዱ የነበሩ ጎረቤቴ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ልቡ ወዲያው ወደ ጠፍጣፋው ሄደ። ሮቦት ሲሆኑም ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የ2007ቱ ትከሻና ደረቱ ላይ ስለታም ቁርጥራጭ የበዛበት ነው። የ2018ቱ ለስለስ ያለ፣ የ1980ዎቹን ካርቱን የሚያስታውስ መልክ አለው። እኔ የ2007ቱን እወዳለሁ። ፊልሙ ላይ ያየሁት ውስብስብነት እሱ ላይ አለ። የድሮውን ካርቱን ለሚወድ ሰው ግን የ2018ቱ ይሻላል ብዬ ያለማመንታት እናገራለሁ።

አሁን ወደ እጅ እንምጣ። እንዲህ ዓይነቱን ሮቦት መኪና ስታደርጉት ፓነሎቹ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኖቹ፣ የሚያያዙት በትንንሽ ምላሶች ነው። እያንዳንዱ ምላስ የራሱ ቀዳዳ አለው። አንዱ በደንብ ካልገባ ሌላኛው ጎን ብድግ ይላል። ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው እዚህ ነው። ጫን ይለዋል፣ ምላሱ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። የተሰበረውን ምላስ እዚህ አገር ከየትም አታገኙትም። የመፍትሔው መንገድ ወደ ኋላ መመለስ ነው። እምቢ ያለው ፓነል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ከሱ ሁለት ደረጃ በፊት የታጠፈው እጅ ወይም እግር በትክክል አልተቀመጠም ማለት ነው። ያንን አስተካክላችሁ ስትመለሱ በአንድ ጣት ይገባል።

መገጣጠሚያዎቹንም በጆሮ ነው የምትለዩት። ጉልበቱን ቀስ ብላችሁ እጠፉት። «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» ካለ ውስጡ ጥርስ አለው። ጥርስ ያለው መገጣጠሚያ ክብደት ይሸከማል፣ ቶሎም አይላላም። ድምፅ ሳይሰጥ የሚታጠፈው በመጥበቁ ብቻ ነው የሚቆመው። ለእጅ አንጓ ይህ ይበቃል። ለጭን ግን አይበቃም፤ ከዓመት በኋላ ሮቦቱ ወደ አንድ ጎን እየተንጋደደ ያስቸግራችኋል።

ብዙ ሰው ብረት ካለው «ኦሪጅናል ነው፣ ጥራት አለው» ይላል። ብረቱ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። ግን ጥያቄው የት ነው ያለው የሚለው ነው። እግርና ጭን ላይ ከሆነ ሮቦቱ ይረጋል። ደረትና ትከሻ ላይ ከበዛ ወገቡና ቁርጭምጭሚቱ ይደክማሉ። ቀለምም ከፕላስቲክ ይልቅ ብረት ላይ ቶሎ ይላጣል። በተለይ ሁለት ብረቶች የሚፋተጉበት ማጠፊያ ላይ። በየቀኑ እየቀየራችሁ ለመጫወት ካሰባችሁ ይህን ከወዲሁ ተቀበሉት።

ሦስተኛው ምርጫ የሆንግ ኮንጉ ስሪዜሮ ነው። እዚህ መቀየር የሚባል ነገር የለም። ሮቦት ነው፣ ሮቦት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው መልኩ ከሁሉም የሚበልጠው። መኪና መሆን ስለማይጠበቅበት ጀርባው ላይ የተሸከመው ጎማና በር የለም፣ ወገቡ ቀጭን ነው፣ ክርኑ እንደ ሰው ክርን ይታጠፋል። የባምብልቢ ፊልሙ ኦፕቲመስ በሁለት መጠን አለ። ዲኤልኤክስ የሚባለው 28.5 ሴንቲሜትር ሲሆን ውስጡ ብረት ነው። ፕሪሚየም የሚባለው ደግሞ 48 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ዓይናቸው ይበራል፣ እጆቻቸውም ተለዋጭ አላቸው።

48 ሴንቲሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ግን ግማሽ ሜትር ሊሞላ ምንም የቀረው የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ የቡፌያችሁን መደርደሪያ ለኩ። አብዛኛው የሳሎን ቡፌ መደርደሪያው መካከል ያን ያህል ክፍት ቦታ የለውም። ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ለሚኖር ሰው ዲኤልኤክሱ ይበቃል ባይ ነኝ። ትልቁ ከፍሪጅ ላይ ሌላ ማረፊያ ካጣ ውበቱ ይጠፋል፣ የመውደቅ ዕድሉም ይጨምራል።

ሕፃን ላለበት ቤት ግን አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር። እነዚህ የሚበሩ ዓይኖች የሚሠሩት በክብ ትንንሽ ባትሪ፣ እኛ የሰዓት ባትሪ በምንለው ነው። ሕፃን ከዋጠው ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። የሚዳዳ ልጅ ካለ ባትሪውን አትክተቱ። ዓይኑ ባይበራም ሮቦቱ ያው ነው። ዓይኑን የማታበሩት ከሆነም ባትሪውን ውስጡ አትተዉት፤ ሲያረጅ ፈሳሽ አውጥቶ ሽቦውን ይበላዋል።

ብዛት ለሚፈልግ ሰው ስቱዲዮ ሲሪስ የሚባል የሃዝብሮ ተከታታይ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚወጣ ነው። ሊደር የሚባለው መጠን 21.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሮቦቶቹ እርስ በርስ ሲቆሙ የፊልሙን የቁመት ልዩነት እንዲይዙ ታስቦ የተሠሩ ናቸው። አንድ ትልቅ ከመግዛት አምስት መካከለኛ ማሰለፍ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ወደዚያ ሂዱ። ይህ ጽሑፍ ስለ ትልልቆቹ ስለሆነ አልገፋበትም።

አሁን ገበያ ላይና ቴሌግራም ላይ በብዛት ወደሚታየው እንምጣ፤ ኮፒው። ዌይ ጂያንግ እና ብላክ ማምባ የሚሉ ስሞች ካርቶኑ ላይ ካያችሁ የሃዝብሮ ፈቃድ የላቸውም። የኦሪጅናሉን ንድፍ ወስደው አግዝፈው ነው የሚሠሩት። መጠናቸው ያማልላል። ከኦሪጅናሉ ገዝፎ ዋጋው ዝቅ ሲል ማን ይጠላል? ነገር ግን ንድፍ እንዲሁ ሲገዝፍ ክብደቱ ከቁመቱ በፈጠነ ፍጥነት ነው የሚጨምረው። ቁመት እጥፍ ቢሆን ክብደት ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። መገጣጠሚያው የታሰበው ግን ለትንሹ ነበር። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ቶሎ የሚላላው ለዚህ ነው። ጥሩ የወጡ ኮፒዎች የሉም አልልም፤ አሉ። ከአንዱ ካርቶን ወደ ሌላው ግን ጥራቱ ይዘላል። ቀለሙም ምን እንዳለበት ማረጋገጫ ስለሌለው ዕቃ ወደ አፍ ለሚወስድ ልጅ አይሆንም።

ስለዚህ ኮፒ የምትገዙ ከሆነ በፎቶ አትግዙ። ሻጩ ፊት አቁሙት። እጁን ወደ ፊት ዘርግታችሁ፣ መሣሪያውን አስይዛችሁ ትንሽ ጠብቁ። ሳይንጋደድ ከቆመ ተነጋገሩ። «ካርቶኑን መክፈት አይቻልም» ከተባላችሁ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። መመለስ የሚባል ነገር ከታክሲ ከወረዳችሁ በኋላ የለም።

አንድ የላላ መገጣጠሚያን ማዳን ይቻላል። ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ ንቀሉት፣ ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ላይ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ለብቻው አስቀምጡት። ሳይደርቅ ከገጠማችሁት ተጣብቆ ይቀራል።

የኛ ሰፈር የራሱ ጣጣ አለው። መንገዱ ሁሉ አስፋልት ስላልሆነ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ መገጣጠሚያ ውስጥም ይቀመጣል። አቧራ የያዘ ማጠፊያ ሲንቀሳቀስ ቀለሙን ይፍቀዋል። በንጹሕ የሜካፕ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። አልኮል ቀለሙን ሊያነሳ ስለሚችል አታስጠጉት። ፀሐዩም ከባድ ነው። የአዲስ አበባ ዙሪያ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጨረሩ ይበረታል። ነጭና ግራጫ ፕላስቲክ ይበልዛል። መስኮት አጠገብ አታቁሙት።

ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ካርቶኑን አትጣሉ። ቤት ስትለቁ ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚወርደው ከምጣድና ከፍራሽ ጋር ነው። የውስጡ የፕላስቲክ ማቀፊያ ከሌለ አንቴናውና ጣቱ አይተርፍም።

ከውጭ በሰው የሚመጣላችሁ ከሆነ ለአምጪው ሁለት ነገር ንገሩት። ካርቶኑ ከክብደቱ ይልቅ ቦታ ነው የሚበላው። አንድ ሻንጣ ብዙ ጊዜ 23 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ የፕሪሚየሙ ካርቶን ግን ኪሎው ሳይሞላ ሻንጣውን ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ የካርቶኑን ስፋት ከሻጩ ጠይቆ ይለካ። የሮቦቱ ጠመንጃ ደግሞ መሣሪያ ስለሚመስል በእጅ ሻንጣ አይያዝ፤ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል። ደረሰኙም አብሮ ይምጣ። ጉምሩክ ላይ ዋጋው ከተጠየቀ በቃል ከማስረዳት ይገላግላል።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ መመሪያ ወረቀቱን ዘርግታችሁ ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ አመሳክሩ። ተለዋጭ እጆቹ ብዙ ጊዜ ከታችኛው ማቀፊያ ስር፣ በሌላ ከረጢት ነው የሚቀመጡት።