ጦጣዋ የምታስተምርበት የቅዳሜ ረፋድ፦ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት የተረት ሰዓት

በሰፈራችን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሚቀርበውን የተረት ሰዓት ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ ሁሉ ከልቤ እመክራለሁ። ዕድሜዬን በአንደኛ ደረጃ መምህርነት አሳልፌያለሁና ሕፃናትን ጸጥ ማሰኘት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። እዚህ ግን «ዝም በሉ!» የሚል ሰው አልሰማሁም።

ተራኪዋ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡ በኋላ «ተረት ተረት!» ስትል «የላም በረት!» ብለው ቤቱን ያናጉታል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትደግመዋለች፤ እነሱም ዝቅ ይላሉ። ለሦስተኛ ጊዜ በሹክሹክታ ትጠራቸዋለች፤ በሹክሹክታ ይመልሱላትና ተረቱ ይጀመራል። በአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ተረቶች ያደግን ሰዎች ይህን ስናይ ደስ ይለናል። ተረት አድማጩ መቼ እንደሚናገርና መቼ እንደሚያዳምጥ የሚያውቅበት ሥርዓት ከጥንትም አለው፤ እርሷ ያንን ሥርዓት ወደ መጻሕፍቱ መሃል አመጣችው።

የልጅ ልጄን የማረካት የጦጣዋ ተረት ነው። ጦጣ ማር እየላሰች መጽሐፍ ትገልጣለች፤ ገጾቹ ይጣበቃሉ፤ ጉንዳን ይወርራቸዋል። የታመመው አንበሳ መድኃኒቱን ሊያነብ ሲመጣ የሚፈልገው ገጽ አልላቀቅ ይላል። እዚህ ላይ ልጆቹ የየራሳቸውን መዳፍ ገልብጠው ማየት ጀመሩ! ተረቱ እንዳለቀ በር ላይ ወዳለው ጀሪካንና ሳሙና ያመሩት ማንም ሳያዝዛቸው ነው። የልጅ ልጄም ቤት ስትገባ አጎቷ ጋዜጣ ሊገልጥ ጣቱን በምራቅ ሲያርስ አይታ «አጎቴ፣ አንተም እንደ ጦጣዋ ነህ እንዴ?» አለችው።

ሌላም ይለምዳሉ። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲያወጡ ቦታው እንዳይጠፋ በምትኩ ቀጭን ጣውላ ያስገባሉ፤ የገጹን ጫፍ አጥፈው ምልክት ከማድረግ ይልቅ የካርቶን ቁራጭ ያኖሩበታል።

የማልወደው ነገርም አለ። ረዳቷ አንዳንዴ መጨረሻ ላይ «ከዚህ ምን ተማርን?» እያለች ልጆቹን ትጠይቃለች፤ እነሱም «እጅ መታጠብ!» እያሉ እንደ ፈተና ይመልሳሉ። ጦጣዋ የሠራችውን ሥራ ማፍረስ ነው፤ ቢተዉት እመኛለሁ። የሦስት ዓመቱንና የስምንት ዓመቱን ልጅ አንድ ላይ ማስቀመጥም ትንሹን ያሰለቸዋል። ስልካቸው ከኋላ የሚጮኽ ወላጆችንም የሚገሥጽ ሰው ያስፈልጋል፤ ሥርዓቱ ለትልቅም ነው።

ለሕፃናት ብቻ የሆነ ቤተ መጻሕፍት በአገራችን ገና ብርቅ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ አጥተው ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. የሾላውን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ከፈቱ። እንዲህ ያለው ጥረት በየሰፈሩ ሊቀጥል የሚችለው እኛ ልጆቻችንን ይዘን ስንሄድ ነው።

መግቢያው ነጻ ነው። ምንጣፉ ቶሎ ስለሚሞላ ከአራት ሰዓት በፊት ድረሱ፤ ለልጁም የሚበላ ነገር አስቀድማችሁ አብሉት፣ ወደ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድምና።